ለደካማ እግር የሚሆን መንገድ፦ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር እስከ ቦዬ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን ሁሉ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር፤ የቀሩትንም ያጽናልን። ሒሳቡ ከመነበቡ በፊት ጥቂት ደቂቃ እንድናገር የፈቀዱልኝን የስብሰባውን መሪ አመሰግናለሁ።

የምናገረው ስለ መንገድ ነው። መንገድ ስል መኪና የሚሮጥበትን አስፋልት ማለቴ አይደለም። ሽማግሌ በምርኩዙ፣ እናት ሕፃን አዝላ፣ አካል ጉዳተኛ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሆኖ፣ ሳይወድቅና ሳይጨነቅ እየሄደ ውሃ አይቶ፣ ነፋስ ተቀብሎ በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለስበትን የሐይቅ ዳር የእግር መንገድ ማለቴ ነው።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? ዕድርንና የሐይቅ ዳር ሽርሽርን ምን አገናኛቸው?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ጸሐፊያችን በሚይዙት የስም መቆጣጠሪያ መዝገብ ውስጥ ይገኛል።

እንደምታውቁት ጥሩምባ ተነፍቶ በቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል። አቅም ያነሰው አባል ግን አይቀጣም፤ በስሙ አንጻር «በሕመም» ተብሎ ይጻፍለታል። ይህ የርኅራኄ ሥርዓት ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ሰው አንድ ጊዜ «በሕመም» ከተባለ በኋላ ምን እንደሚሆን አስባችሁት ታውቃላችሁ? በሚቀጥለው ወርም «በሕመም» ይባላል። በሚቀጥለው ዓመትም «በሕመም»። መዋጮውን በልጁ እጅ ይልካል። እኛም «ደህና ናቸው?» እንላለን፤ «ደህና ናቸው» ይባላል፤ በዚሁ ያበቃል። ሦስትና አራት ዓመት ከግቢው ሳይወጣ የሚቀመጥ አለ። በመጨረሻ ጥሩምባው ለራሱ ይነፋል። ያን ጊዜ እኛ ሁላችን፣ ያቺን የግቢ በር ለዓመታት ያልረገጥን ሰዎች፣ ድንኳን ይዘን፣ አግዳሚ ተሸክመን እንደርሳለን። ከቤቱ እስከ መካነ መቃብሩ ድረስ፣ ዳገቱን ዳገት ሳንል፣ ጭቃውን ጭቃ ሳንል፣ በትከሻችን እየተቀባበልን እንሸኘዋለን።

እንግዲህ ነገሬ ይህ ነው፤ አንድን ሰው ሞቶ ያን ያህል መንገድ ልንሸከመው የምንችል ከሆነ፣ በሕይወት ሳለ እጁን ይዘን ግማሽ ኪሎ ሜትር ልናራምደው እንዴት ያቅተናል? የሚራመድበት ቦታ ቢጠፋ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ስለዚህ ነው ስለ መንገድ የምናገረው።

የጅማን መሬት ታውቁታላችሁ። ዝናቧ በዓመት እስከ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ ክረምቷ ረጅም፣ አፈሯ የሚያዳልጥ ቀይ አፈር ነው። ለቡናው መልካም ሆኖ ለምርኩዝ ግን መልካም አይደለም። በሰፈራችን በበቾ ቦሬም ሆነ በሌላው ቀበሌ ከጭቃ የዳነው መንገድ ብዙውን ጊዜ ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን ለጤነኛ እግር ትልቅ በረከት ነው። ጉልበቱ ለታመመ፣ እግሩን ለሚጎትት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ አንድ ዳገት ነው። ክዳን የሌለው ቦይ ሲጨመርበት፣ ባጃጁ ከጎን ሲመጣ፣ ሰውየው ምን ያደርጋል? ቤቱ ይቀመጣል። ልጆቹም «አባዬ፣ እንዳይወድቁ ይቀመጡ» ይሉታል። ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ግን መቀመጡ ራሱ ይጥለዋል። ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጡንቻ ሲሟሽሽ ሚዛን ይጠፋል፤ ሚዛን የጠፋበት ሰው ደግሞ ከአልጋው ወርዶ ውሃ ሊጠጣ ሲል በገዛ ቤቱ ይወድቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ላይ ትልልቅ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑትም ምክሩ ይኸው ነው፤ እንዲያውም ለእነርሱ ሚዛን የሚጠብቅ እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን እንዲጨመርላቸው ይላል። 150 ደቂቃ ስንሰማው ብዙ ይመስላል። ለ5 ቀን ሲካፈል ግን በቀን 30 ደቂቃ ነው፤ አንድ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ከሚወስደው ጊዜ ያነሰ ነው! ያን ያህል የማይችል ደግሞ የሚችለውን ያህል ይንቀሳቀስ ነው የሚባለው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ጠይቆ ይጀምር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ዛሬ 50 እርምጃ፣ በሚቀጥለው ሳምንት 100 እርምጃ።

አሁን ወደ ሐዋሳ ልውሰዳችሁ። ቡና ለመሸጥም ሆነ ዘመድ ለመጠየቅ ሄዳችሁ ያያችኋት ትኖራላችሁ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ዛሬ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከተማዋ የተቆረቆረችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር በሜዳማ ቦታ ላይ ነው። ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ ከ20 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ዋናው ገባሩ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ነው። የገባው ውሃ ግን በግልጽ የሚታይ መውጫ የለውም። ስለዚህ ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ሐይቁ ከፍ እያለ ወደ ከተማዋ ይጠጋል። ይህን ለመከላከል በከተማዋ በኩል፣ በሐይቁ ዳር ለዳር፣ ከፍ ያለ የጎርፍ መከላከያ ግድብ ተሠራ።

እንግዲህ ተመልከቱ፤ ግድቡ የተሠራው ውሃ ለመመለስ ነው። ነገር ግን ከላዩ ደልደል ያለ፣ ዳገትና ቁልቁለት የሌለው፣ ከጭቃው ከፍ ያለ ስለሆነ ለእግረኛ የሚመች ሆነ። ከገብርኤል አደባባይ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ሰፊ መንገድ ሕዝቡ «ፍቅር ሐይቅ» ከሚለው ቦታ ላይ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ በአንድ በኩል ውሃ፣ በሌላ በኩል የሾላና የዋርካ ጥላ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ ወጣት፣ ደብተር የያዘ ተማሪ፣ ነጠላዋን የተከናነበች እናት፣ መቁጠሪያ የያዘ ሽማግሌ፣ ሁሉም በየእርምጃው ይሄዳል። በዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ፤ ዳቦ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቀምቶ ነው የሚሄደው። በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ዳር ሲያወጡ፣ ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲከፍሉ፣ ራሰ በራው አባ ኮዳ የተጣለውን አንጀት ለማግኘት እንደ ሽማግሌ ተጎንብሶ ሲጠብቅ ይታያል። ከዚያው አካባቢ፣ በሐይቁ ዳር፣ ጉዱማሌ አለ፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላ፣ የሚከበርበት ሜዳ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ሐዋሳን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ሐዋሳ በሄድኩ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ሐይቁ አልነበረም፤ የሰዎቹ ዕድሜ ነበር። በከተሞቻችን ጎዳና ላይ የማናያቸው ሰዎች እዚያ ነበሩ። አንድ አዛውንት በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ጥቂት ይሄዳሉ፤ ዛፍ ሥር ዐረፍ ይላሉ፤ ደግሞ ተነሥተው ጥቂት ይሄዳሉ። እንዲያው ተጠግቼ «አባቴ፣ ሩቅ ሊሄዱ ነው?» ብላቸው «የለም ልጄ፣ እዚያ ያለችው ጀልባ ድረስ ነው። ትናንት እዚህ ድረስ ነበር የመጣሁት» አሉኝ። ጀልባዋ ከቆምንበት ሠላሳ እርምጃ አትሆንም። ለእሳቸው ግን አዲስ አገር ነበረች። ሜዳ የሆነ መንገድና ዐረፍ የሚባልበት ጥላ ባይኖር ኖሮ እነዚህ አባት ዛሬም አልጋቸው ላይ ነበሩ።

በአዲስ አበባም በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው የወዳጅነት ፓርክ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለው፤ በዳሩም የእግረኛ መሄጃ ተነጥፎለታል። በባሕር ዳርም በጣና ዳር ሰው በእግሩ ይንሸራሸራል። ስለዚህ ነገሩ በአገራችን አዲስ አይደለም። አዲስ መሆን ያለበት እንደዚህ ያለው መንገድ ለጤነኛ ብቻ ሳይሆን ለደካማም እንዲሆን ገና ከመሠራቱ በፊት ማሰብ ነው።

ይህን የምለው ለምንድን ነው? በአንድ ከተማ፣ ስሟን ልተወው፣ እጅግ ያማረ የመናፈሻ መንገድ አይቻለሁ። አበባው፣ መብራቱ፣ ንጣፉ ሁሉ ግሩም ነው። መግቢያው ላይ ግን ሦስት ደረጃ አለ። ሦስት ደረጃ ለእኔና ለአንተ ምንም አይደለም። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ሰው ግን ከግንብ አጥር አይለይም። ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ በሦስት ደረጃ ምክንያት መንገዱ ለእሱ ያልተሠራ ሆነ ማለት ነው።

ለደካማ እግር የሚሆን መንገድ ምን ዓይነት እንደሆነ ባለሙያዎች ለክተው አስቀምጠውታል። ለማስታወስ ቀላል ስለሆነ በአምስት ነገር እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፣ ደረጃ አይኑርበት፤ ከፍታ ካለ በተዳፋት ይውጣ። ተዳፋቱም ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይኑረው። ይኸውም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላትን አንዲት ደረጃ ለመተካት 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚህ ካጠረ ወደ ላይ የሚገፋው ሰው ይደክማል፤ ወደ ታች የሚወርደውም ያመልጠዋል።

ሁለተኛ፣ ስፋት። ለአንድ ተሽከርካሪ ወንበር 90 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ነገር ግን ዞሮ እንዲመለስ፣ ወይም ጎን ለጎን ሰው እጁን ይዞት እንዲሄድ ከተፈለገ 1 ሜትር ከ50 ያስፈልጋል። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች እንዲተላለፉ ደግሞ 1 ሜትር ከ80።

ሦስተኛ፣ መሬቱ የጠነከረና ያልተቦረቦረ ይሁን። የግድ ሲሚንቶ መሆን የለበትም፤ በደንብ የተደመደመ ገረጋንቲም ይሆናል። ዋናው ነገር ውሃ አለመተኛቱ ነው። ሐዋሳ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 950 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኛ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በጅማ የሚሠራ የእግር መንገድ ወደ አንድ ጎን በጥቂቱ ያዘነበለ፣ ዳሩ ላይ ክዳን ያለው ቦይ የተቆፈረለት ካልሆነ በአንድ ክረምት ያልቃል።

አራተኛ፣ ማረፊያ። በየ50 ሜትሩ መቀመጫ፣ መደገፊያና የእጅ መያዣ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ጉልበቱ የታመመ ሰው መቀመጡ ሳይሆን መነሣቱ ነው የሚቸግረው፤ እጁን አስደግፎ የሚነሣበት ያስፈልገዋል። በአቅራቢያውም የሚገባበት ሽንት ቤት ይኑር። ይህን ብናገር አትሳቁብኝ፤ ብዙ አረጋውያን ከቤት የማይወጡት እግራቸው እምቢ ስላለ ሳይሆን ሽንት ቤት አላገኝም ብለው ስለሚፈሩ ነው።

አምስተኛ፣ በውሃው በኩል ያለው ዳር በትንሽ ከፍታ ይታጠር። ዓይነ ስውር በበትሩ ሲነካው ዳር መድረሱን ይወቅ፤ የወንበሩም ጎማ ወደ ውሃ እንዳይንሸራተት።

ይህን ስንጠይቅ ደግሞ ልመና አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ላይ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ መሆን እንዳለባቸው ደንግጓል። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ከሕንፃም አልፎ በአንቀጽ 30 ላይ አካል ጉዳተኛው እንደማንኛውም ሰው የመዝናናትና የስፖርት መብት እንዳለው ይናገራል። የመዝናናት መብት! ቅንጦት የሚመስለን ነገር በሕግ የተጻፈ ነው።

እሺ፣ ሐዋሳ ሐይቅ አላት፤ እኛስ? እኛም ውሃ አለን። አዌቱ ከተማችንን ለሁለት ከፍሎ ይወርድና ከከተማው ዳር ወደ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ያመራል። ቦዬ በጉማሬው የታወቀ ነው፤ በወፎቹም እንዲሁ። ወፍ ለማየት ብቻ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ሰዎች በጅማ ዙሪያ ያሉትን ረግረጎች ያውቋቸዋል፤ በራሷ ላይ የወርቅ ዘውድ የሚመስል ላባ የደፋችውን ረጅም እግር ወፍ ሊያዩ ይመጣሉ። እኛ ግን ቦዬን የምናስታውሰው ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጤማ ሲታጨድ ነው። ቄጤማው የሚበቅለው ግን እንደ ቦዬ ባለ ረግረግ ውስጥ ነው።

ረግረግ ባዶ ቦታ ይመስላል፤ ሥራው ግን ብዙ ነው። በክረምት ጎርፉን እንደ ስፖንጅ ይይዛል፤ በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ከከተማው የሚወርደውን ደለልና እድፍ ቄጤማው ያጣራል። ከቦዬ በታች ያለው ግልገል ጊቤ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው የጊቤ ግድብ የተሠራበት ወንዝ ነው። ረግረጉ ደለሉን ካልያዘው ደለሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ይሁንና በጅማ ዙሪያ ያሉ ረግረጎች በየጊዜው ለጡብ የሚሆን ጭቃ ሲቆፈርባቸው፣ ባሕር ዛፍ ሲተከልባቸው፣ ለእርሻ ሲጠነፈፉ፣ ቆሻሻ ሲወርድባቸው ኖረዋል።

ይህ ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ እንደገና ወደ ሐዋሳ መመልከት ይበቃል። ከሐዋሳ ሐይቅ በላይ ጨለለቃ የሚባል ሌላ ሐይቅ ነበረ። የዛሬ 50 ዓመት ገደማ ሐይቅ የነበረው ይኸው ጨለለቃ ደለል ሞልቶት ዛሬ ረግረግ ነው። የሐሮማያ ሐይቅም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሰው የሄደበት ጊዜ ነበር፤ ውሃ መልሶ መያዝ የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው። ውሃ የሚጠፋው አንድ ቀን ተነሥቶ አይደለም። ማንም ሳያየው ነው የሚጠፋው። አረጋውያን በየሳምንቱ ዳር ሆነው የሚያዩት ውሃ ግን ቢቀንስ «ኧረ ይሄ ውሃ ሸሸ!» የሚል ሰው አለው። የእግር መንገድ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለውሃውም ጠባቂ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም መንገድ እንሥራ ብለን ረግረጉን በድንጋይ እንሙላው ማለት አይደለም። ያ ዓሣውን ለማየት ሐይቁን እንደማድረቅ ይቆጠራል። መንገዱ በደረቁ ዳር ይሂድ። ደግሞም አደጋውን እንወቅ። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ውሎ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ጠዋት ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል የገባን ሰው አይምርም። የወባ ትንኝ የምትነድፈውም ከምሽት ጀምሮ ነው። ስለዚህ የእግር ጉዞው ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። ልጆችም እግራቸውን ውሃው ውስጥ አይንከሩ፤ የቢልሃርዝያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ነውና የሚገባው።

አሁን ወደ እኛ ወደ ዕድሩ ልመለስ። መንገድ መሥራት የዕድር ሥራ አይደለም፤ የማዘጋጃ ቤትና የመንግሥት ሥራ ነው። የኮሪደር ልማት በሚባለው ሥራ በየከተማው፣ በጅማም ጭምር፣ የእግረኛ መንገድ ሲሠራ አይተናል። የእኛ ድርሻ ሁለት ነው። አንዱ መጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው ሰዎቻችንን ማውጣት ነው።

ስለ መጠየቁ፤ ከላይ የዘረዘርኳቸው አምስት ነጥቦች በአንድ ወረቀት ተጽፈው በዕድሩ ማኅተም ለከተማው አስተዳደር ይቅረቡ። በከተማችን በወንዝም ሆነ በረግረግ ዳር የሚሠራ የእግረኛ መንገድ ሁሉ እነዚህን እንዲያሟላ እንጠይቅ። ከዚህም ሌላ ሥራው ከመረከቡ በፊት አንድ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው፣ አንድ ዓይነ ስውርና አንዲት አሮጊት ተጠርተው በመንገዱ ላይ ሄደው ይፈትኑት። መሐንዲስ ያላየውን እነሱ በአምስት ደቂቃ ያዩታል። አንድ ዕድር ቢጠይቅ ድምፁ ያንሳል፤ የሰፈሩ ዕድሮች ሁሉ፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም፣ አብረው ቢጠይቁ ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው።

ሰዎቻችንን ስለ ማውጣቱ ደግሞ ያማረው መንገድ እስኪሠራ መጠበቅ የለብንም። በወር አንድ እሑድ፣ ከጸሎት በኋላ፣ ደልደል ያለና ደረቅ ስፍራ መርጠን ከቤት የማይወጡትን እናውጣ። ባጃጅና ሚኒባስ ያላቸው አባሎቻችን ለአንድ ጠዋት ቢተባበሩ ይበቃል። አግዳሚ ወንበሮቻችንን ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ፤ ሐዘን በሌለ ሳምንት በዕቃ ቤት ተደርድረው አቧራ ይጠጣሉ። ወጣቶቹ ተሸክመው በየ50 ሜትሩ ቢያስቀምጧቸው ያ ቦታ ለዚያ ቀን ለደካማ እግር የሚሆን መንገድ ሆነ ማለት ነው። ሲያልቅ ጭነው ይመልሷቸዋል። ድንኳን ለመትከል የሰለጠነ እጅ ይህ አያቅተውም።

የሚነሡ ተቃውሞዎችም ይኖራሉ። «ገንዘቡ ለቀብር የተዋጣ ነው፤ ደንቡ ይከለክላል» የሚል ቢኖር ትክክል ነው። ከዕድሩ ሣጥን አንዲት ሳንቲም እንዲነካ አልጠይቅም። የምጠይቀው ጉልበት፣ አግዳሚና የአንድ ጠዋት ጊዜ ነው። «የታመመ ሰው ይዞ ሽርሽር፣ ሰው ምን ይላል?» የሚልም አይጠፋም። ሰው ምን ይላል የሚባለው ነገር ብዙ ሰው አልጋ ላይ አስቀርቷል። አካል ጉዳተኛ ልጃቸውን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚያስገቡ ቤቶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ዕድሩ በግልጽ ወጥቶ በር ካንኳኳ ግን ያ ኀፍረት ይሰበራል፤ ምክንያቱም ጥሪው የመጣው ከሁላችን ነው። «ቢወድቁስ?» ለሚለው ደግሞ፣ ለአንድ ደካማ ሁለት ደጋፊ ይመደብ፤ ሐኪም የከለከለው አይምጣ፤ እሱን ደግሞ ቤቱ ሄደን እንጠይቀው።

ይህ ነገር ለሌላ ሰው የሚደረግ ውለታ እንዳይመስለን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥን ሁሉ፣ ዕድሜ ከሰጠን፣ አንድ ቀን ጉልበታችን ይከዳናል። ያን ቀን ጸሐፊው በስማችን አንጻር «በሕመም» ብሎ ይጽፋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ቀብራችን ድረስ ያለው ጊዜ አንድ ወር ሊሆን ይችላል፤ አሥር ዓመትም ሊሆን ይችላል። እነዚያን ዓመታት ግድግዳ እያየን እንድንፈጽማቸው ነው የምንፈልገው ወይስ ሰውና ውሃ እያየን? ዛሬ የምንወስነው ለራሳችን ነው።

ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍርልኝ የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ «በሕመም» የተባሉትን አባላት ስም ለይተው ለሥራ አስፈጻሚው እንዲሰጡ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባለው አንድ ወር ውስጥም እያንዳንዳቸው በቤታቸው እንዲጠየቁና መውጣት ይፈልጉ እንደሆነ እንዲጠየቅላቸው። ሁለተኛው፣ ለከተማው አስተዳደር የሚቀርበውን ደብዳቤ የሚያዘጋጁ ሦስት ሰዎች እንዲመረጡ፣ ከሦስቱም አንዱ ራሱ አካል ጉዳተኛ የሆነ አባል እንዲሆን።

ሒሳቡ አሁን ይነበባል፤ ጊዜያችሁን አልወስድም። ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጠን።